ስምንት ገመድ፣ አሥራ ስድስት ራስ

ሽቦ የሚሏት ሴትዮ አሥራ አንደኛውን የገመድ ራስ በፒንሳው አፍ ውስጥ ከተተችና እጀታውን ጨመቀችው። ቀጭ አለ። ስድስቱ የመዳብ ጥርሶች ስድስቱን ቀጫጭን ሽቦዎች ነክሰው ያዙ።

«እማማ፣ ወደሚቀጥለው ከመሄድዎ በፊት አንዴ ብንፈትሸውስ?» አለ የልጇ ባል ከጀርባዋ ቆሞ።

«ማንን ነው የምትፈትሸው?»

«ገመዱን ነው እንጂ፣ እርስዎን አላልኩም።»

«ገመዱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ገመዱን ፈተሽክ ማለት እኔን ፈተሽክ ማለት ነው። ዞር በል፣ ብርሃን ጋረድከኝ።»

አማቿ ዞር አለ። ዞር በል ሲሉት ዞር የሚል፣ ተቀመጥ ሲሉት የሚቀመጥ ሰው ነው፤ ሽቦም የምትንቀው በዚሁ ነው። ልጇ ይህን ሰው ላገባ ነው ስትላት «ምኑን አይተሽ?» ብላ ጠይቃ፣ «አይቆጣም» የሚል መልስ ነበር ያገኘችው። ድንጋይም አይቆጣም፣ አለች ሽቦ ያኔ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት አለፈ፤ ሐሳቧን የሚያስለውጥ ነገር ግን አላየችም። ሰውየው መነጽር ቤት ተቀጥሮ ቀኑን ሙሉ መስታወት ሲሞርድ ይውላል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከማኅበር ጓደኞቹ ጋር አንድ ምድር ቤት ገብቶ በባቡር ይጫወታል። የምር ባቡር ቢሆን እሰየው ነበር፤ ጣት በሚያህል ሎኮሞቲቭና የክብሪት ሳጥን በሚያህል ፉርጎ ነው እንጂ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው።

«ሽቦ» የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ነበሩ። ቀጭን ናት፣ አትታጠፍም። ሠላሳ አንድ ዓመት በስልክ መሥሪያ ቤት ምሰሶ ስትወጣ፣ ጉድጓድ ስትገባ፣ የሰው ስልክ ስትቀጥል ኖራለች። ጡረታ ስትወጣ ይዛ የቀረችው ይህን የገመድ ራስ ማሰሪያ ፒንሳና አንድ ጥቅል ጠፍጣፋ ባለ ስድስት ሽቦ ገመድ ነው። ገመዱ አልጋ ሥር ተቀምጦ አቧራ ሲጠጣ ቆይቶ፣ ዛሬ ለእንቶ ፈንቶ ተፈለገ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ምድር ቤት ያሉት ባቡሮች ዲጂታል ናቸው፤ እያንዳንዱ ባቡር የራሱ ቁጥር አለው፣ ሂድ ቁም የሚለው ትእዛዝም በሃዲዱ በኩል ይደርሰዋል። አዛዡ በእጁ የሚይዘው የቴሌቪዥን ሪሞት የመሰለ መሣሪያ አለ፤ የማኅበሩ አባላት «መንጃ» ይሉታል። መንጃው በገመድ ከጠረጴዛው ጠርዝ ሶኬት ጋር ይያያዛል። ሐሙስ ዕለት አይጦች የስምንቱንም መንጃ ገመድ ግጠው ጨረሱት። ሱቅ የሚሸጠው ባለ አራት ሽቦ ብቻ ነው። የማኅበሩ የባቡር ትርኢት ደግሞ ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ለሕዝብ ይከፈታል። ልጇ ትናንት ደውላ «እማዬ፣ አንድ ቀን እንኳን ለእሱ ብለሽ» ባትላት ኖሮ፣ ሽቦ ለአይጦቹ እጅ ትነሣ ነበር።

አማቿ በቀለም የታተመ አራት ገጽ መመሪያ ይዞ ነበር የመጣው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለችና ተቀብላ፣ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈችው፤ የሽቦ ቁርጥራጭ እንዲያርፍበት።

«ገጽ ሁለት ላይ ያለውን ሥዕል ብቻ ይዩልኝ» አላት አሁን፣ ከቆመበት ጥግ። «የስልክ ገመድ ይመስላል እንጂ…»

«ስድስት ሽቦ አለው?»

«አለው።»

«ራሱ የስልክ ራስ ነው?»

«ነው፣ ግን…»

«እንግዲያው ስልክ ነው። ጨረስን።»

አሥራ ስድስቱን ራስ አስራ ስትጨርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። እያንዳንዱን ገመድ ጠቅልላ በጎማ አሰረችው። ያምሩ ነበር፤ ከፋብሪካ የወጡ እንጂ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተሠሩ አይመስሉም። ሽቦ ፒንሳዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ነጠላ ጫማዋን በቆዳው ጫማ ለወጠች።

«እርስዎም ይመጣሉ?» አለ አማቿ፣ ደንግጦ።

«ሥራዬን በሰው እጅ አላስረክብም። ደግሞም የእብድ ቤት አይቼ አላውቅም፣ ልየው።»

ምድር ቤቱ ሙጫና እርጥበት ይሸታል። መሐሉ ላይ አሥራ አራት ሜትር የሚሆን ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ በላዩ ላይ የጀሶ ተራራ፣ የሰፍነግ ዛፍ፣ ከካርቶን የተሠራ ድልድይ፣ ጥፍር የሚያካክሉ መንገደኞች ሻንጣቸውን ይዘው የቆሙበት ጣቢያ። ሽቦ በዓይኗ ዞረችው። በዚህ ሁሉ ጀሶ ስንት ሰው ግድግዳውን ያስለስን ነበር፣ ብላ አሰበች። ይበልጥ የገረሟት ግን ሰዎቹ ናቸው። አሥር ያህል ሽበታም ወንዶች አንድ ዓይነት ሰደርያ ለብሰው፣ ኪሳቸው ላይ የባቡር ሥዕል አስጠልፈው፣ ሠርግ እንደሚደግስ ሰው ከወዲያ ወዲህ ይራወጣሉ። ሊቀ መንበሩ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው። የጣቢያ ኃላፊ ቆብ ደፍቷል፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሏል። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል፣ አለች በልቧ፤ ይሄኛው ጭራሽ ገዝቶ ነው የመጣው።

«የስልኳ ሴትዮ እርስዎ ነዎት?» አላት ሊቀ መንበሩ፣ ገመዶቹን እንጂ ፊቷን ሳያይ።

«ስልክ ሴትዮ የለውም። የመስመር ቴክኒሻን ነኝ።»

«ጥሩ፣ ጥሩ። እዚያ ጥግ ወንበር አለልዎ። ጠረጴዛውን ባይነኩት ደስ ይለናል፤ ረቂቅ ሥራ ነው፣ ለማያውቀው ሰው አይገባም።»

ሽቦ ተቀመጠች። አንድ ጥርስ ሐኪም፣ የሚያዳምጠው ሰው ያጣ ይመስላል፣ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«ባቡሩ ከምዕራብ ጣቢያ ተነሥቶ ምሥራቅ ጣቢያ እስኪደርስ አራት ደቂቃ ነው የሚፈጅበት» አላት። «አንዲት ሰከንድ አያዛንፍም።»

«በእግርስ ስንት ይፈጃል?»

«እንዴት?»

«ከዚያ ጫፍ እዚህ ጫፍ፣ በእግር።»

ጥርስ ሐኪሙ ሌላ ሰው ፍለጋ ሄደ።

አማቿ እንደ ሎሌ ነበር የሚላላከው። «ሶኬቱን ጥረግ» ይለዋል አንዱ፣ ይጠርጋል። «መሰላሉን አምጣ» ይለዋል ሌላው፣ ያመጣል። ከጠረጴዛው ሥር ያለውን የሽቦ ሥራ በሙሉ የዘረጋው እሱ መሆኑን ሽቦ ከልጇ ሰምታለች፤ ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል። እነዚህ ሽማግሌዎች ግን በስሙ እንኳን አይጠሩትም፣ «ወጣቱ» ነው የሚሉት። እሱ ግን ደስ ብሎታል። መሰላሉን ተሸክሞ ፈገግ ይላል። ቤት ውስጥ፣ በእሷ ፊት፣ እንዲህ ፈገግ ብሎ አያውቅም። ሽቦ ይህን ስታይ ንቀቷ ጨመረ። የሚንቁት ሰዎች ዘንድ ደስ የሚለው ምን ዓይነት ሰው ነው?

አራት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ከላይ፣ በደረጃው በር በኩል የልጆች ጫጫታ መሰማት ጀመረ። ሊቀ መንበሩ ሁሉንም ሰበሰበና ከሐር ጨርቅ ውስጥ አንድ አዲስ መንጃ አወጣ። ከባሕር ማዶ አዝዞ ሰባት ወር ጠብቆታል። ጸሐፊው፣ ፋርማሲ ያለው ወፍራም ሰው፣ መዝገቡን ገልጦ «ቅድሚያ ለሊቀ መንበሩ!» ብሎ አወጀ። ሊቀ መንበሩ ከስምንቱ ገመዶች አንዱን መርጦ አንዱን ራስ መንጃው ላይ ሰካ፣ ፊሽካውን ነፋ፣ ሌላውን ራስ ሶኬቱ ውስጥ ከተተ።

መንጃው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ቦግ አለችና ጠፋች። ከዚያ ከጎኑ ክር የመሰለ ጢስ ወጣ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክም ሸተተ። ሊቀ መንበሩ «ውይ!» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው፤ ጣቢያው ላይ ቆመው የነበሩት መንገደኞች እስከነሻንጣቸው ተደፉ።

ሽቦ ከወንበሯ ሳትነሣ ክው አለች። ገባት። ማንም ሳይነግራት፣ ጢሱ ገና ጣሪያ ሳይደርስ ገባት። በስልክ ሥራ የገመድ ሁለት ራሶች መንጠቋቸው ወደ አንድ ፊት ሆኖ ነው የሚታሰሩት። እንደዚያ ሲታሰሩ በአንዱ ራስ ግራ ዳር ያለው ነጭ ሽቦ፣ በሌላው ራስ ቀኝ ዳር ይሆናል። ስልክ ለዚህ ግድ የለውም፤ ቢገለብጡትም ይደውላል። የኤሌክትሪክ ኃይል በዳር ሽቦ ለሚመጣለት መሣሪያ ግን መገልበጥ ማለት ማቃጠል ነው። አንዱ ራስ ወደ ላይ ቢታሰር ሌላው ወደ ታች መሆን ነበረበት። ይህን ማንኛውም ለማጅ ያውቃል። እሷም ታውቃለች። ግን እጇ ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደውን ሠራ፣ አንጎሏ ደግሞ እነዚህን ሰዎች በመናቅ ሥራ ተጠምዶ ነበር።

«ማነው ይሄን ያደረገው?» ጮኸ ሊቀ መንበሩ።

አማቿ ገመዱን ነቀለ። ሁለቱን ራሶች ጎን ለጎን አድርጎ ወደ መብራቱ አነሣቸው። ቀኑን ሙሉ መስታወት የሚያይ ዓይን ነው፣ አንድ ጊዜ ማየት በቃው። ከዚያ ቀና ብሎ ሽቦን አያት። ገመዱን ቀስ አድርጎ ጠቀለለና ሰደርያው ኪስ ውስጥ ከተተው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሐሙስ ሶኬቶቹን ስጠግን ሽቦውን ገልብጬ አስሬው ነው። ሌላ መንጃ ማንም እንዳይሰካ። ሩብ ሰዓት ስጡኝ፣ አስተካክለዋለሁ።»

ጉድ ፈላ። አሥሩም አንድ ላይ አፋቸውን ከፈቱ። ጥርስ ሐኪሙ «ድሮም ብዬ ነበር» አለ፤ ምን ብሎ እንደነበር ግን አልተናገረም። ሌላው «ለወጣት ኃላፊነት መስጠት እንዲህ ነው» አለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው፤ ገመዱን የጨረሰው አይጥ፣ ራሱን የገለበጠችው ሽቦ፣ ዱላው የሚያርፈው ዝም ባለው ሰው ላይ። ሊቀ መንበሩ ቆቡን አስተካክሎ፣ ከድሮ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሁሉ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ ሰባት መሠረት፣ በማኅበሩ ንብረት ላይ በቸልተኝነት ጉዳት ያደረሰ አባል ይሰናበታል። አሁን ሥራውን ይጨርስ፣ ትርኢቱ ሲያልቅ ቁልፉን ያስረክባል። ጸሐፊ፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።»

አማቿ እጁን ኪሱ ሰደደ። ከቁልፎቹ መሐል የምድር ቤቱን ቁልፍ ማውጣት ጀመረ፤ ቀለበቱ ጠንክሮበት በጥፍሩ ይታገለው ነበር። ቅዳሜና እሑዱ በሙሉ፣ የሦስት ዓመት ሥራውም፣ በዚያች ቁልፍ ላይ ነበር።

ሊቀ መንበሩ ወደ ሽቦ ዞረ። አሁን ፊቷን አያት፣ ፈገግም አለላት።

«እርስዎ እንኳን አይከፋዎት። ገመድዎ በጣም ያምራል፣ የባለሙያ እጅ ያስታውቃል። እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ ከወጣቶቹ ቢገኝ ኖሮ!»

ሽቦ መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነው። እውነቱ ይህ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም የተቃጠለ ነገር በስሟ አልተጻፈም፣ ዛሬም አይጻፍም። አማቿ ቁልፉን ከወዲሁ ለሊቀ መንበሩ አስረክቦ ወደ እሷ መጣና ጎንበስ አለ።

«እማማ፣ ፒንሳውን ይተዉልኝና ወደ ቤት ይሂዱ» አለ በሹክሹክታ። «የእያንዳንዱን አንድ አንድ ራስ ቆርጬ ገልብጬ አስረዋለሁ። ማንም አያውቅም። ለእሷም አልነግራትም።»

«ለልጄ?»

«ለማንም።»

ደም ሥሯ ተገተረ። ማን ጠበቃ ቁም አለው? ይሄ መስታወት ሞራጅ፣ ይሄ መሰላል ተሸካሚ፣ እሷን ሊያዝንላት! ዘጠኝ ዓመት በምላሷ ስትገርፈው ቆይታ፣ አንድ ቀን እንኳን መልሶ ሳይናገራት፣ ዛሬ ሊመልስላት ይችል ነበር። አንድ ቃል ይበቃው ነበር። «ብዬዎት ነበር» ቢላት በቃ። አላለም። ዓይኑን ስታየው የማለት ሐሳቡም የለውም። ሽቦ በሕይወቷ የምትሸሸው ነገር ቢኖር ለሰው ባለ ውለታ መሆን ነው፤ ለዚህ ሰው መሆን ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። አፈረች። እንዲህ አፍራ አታውቅም፣ እፍረቱም መልሶ ቁጣ ሆነባት።

ጸሐፊው እስክሪብቶውን እየላሰ የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነብ ነበር። «…በአባሉ ከፍተኛ ቸልተኝነትና የሙያ ብቃት ማነስ ምክንያት…»

«ሰርዝ» አለች ሽቦ።

ጸሐፊው ቀና አለ። «ምን አሉ?»

«ሰርዝ ነው ያልኩህ። የሙያ ብቃት ማነስ? የዚህን ጠረጴዛ ሆድ ዕቃ የሠራው እሱ ነው። አንተ ከዚህ በታች ያለውን ሽቦ አንዱን ከሌላው ትለያለህ?»

«ሴትዮ፣» አለ ሊቀ መንበሩ፣ ፈገግታውን እየሰበሰበ፣ «ይህ የአባላት ጉዳይ ነው፣ በእንግዳ ደንብ…»

«ደንብዎን ቆብዎ ውስጥ ያስቀምጡት።» ሽቦ ተነሣች። ወደ አማቿ ሄዳ እጇን ዘረጋች። «ኪስህ ውስጥ ያለውን አምጣ።»

«እማማ፣ ይተዉት…»

አልጠበቀችውም። እጇን ራሷ ሰደርያው ኪስ ውስጥ ሰደደችና ገመዱን መዥርጣ አወጣች። ሁለቱን ራሶች ጎን ለጎን አድርጋ ከሊቀ መንበሩ አፍንጫ ሥር ደቀነቻቸው።

«ቀለም ይለያሉ? ይሄ ከነጭ ይጀምራል። ይሄኛው ከሰማያዊ ይጀምራል። አንድ መሆን ነበረባቸው። የገለበጥኳቸው እኔ ነኝ፣ ስምንቱንም። ሶኬቱ ምንም የለበትም። ይሄ ልጅ እንፈትሸው ብሎኝ ነበር፣ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሊቀ መንበሩ ራሶቹን አየ፤ ምንም እንዳልታየው ያስታውቃል። ጥርስ ሐኪሙ መነጽሩን አደረገና «እውነቷን ነው» አለ፣ ድሮም ብዬ ነበር እንደማለት እየቃጣው።

«ጻፍ» አለች ሽቦ ለጸሐፊው። «መንጃው የተቃጠለው በገመድ ሠሪዋ ስህተት ነው። ገመድ ሠሪዋ የሠላሳ አንድ ዓመት የመስመር ቴክኒሻን ናት። ሠላሳ አንዱንም ጻፈው፣ ያሳፍር። አምጣው ልፈርም።»

ፈረመች። ሊቀ መንበሩ ስለ አንቀጽ ሰባት የጀመረውን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ አጣለት፤ አንቀጹ ስለ አባል እንጂ ስለ አባል አማት የሚለው ነገር አልነበረም። «እንግዲያው… ለጊዜው…» አለና ቁልፉን አማቿ ፊት፣ በተደፉት መንገደኞች መሐል አስቀመጠው። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣውም። ሽቦም አልጠበቀችም፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ይቅርታ ቢል ነበር የሚገርማት።

«ምን አስቸኮለዎት?» አላት አማቿ ጆሮዋ ሥር። «ሸፍኜዎት ነበር እኮ።»

«ማን ሸፍነኝ አለህ? ሁለተኛ እንዳይለምድህ።»

ከላይ ልጆቹ በሩን መደብደብ ጀምረዋል። ሃያ ደቂቃ የነበረው አሥራ ሦስት ሆኗል። ሽቦ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ጎትታ ተቀመጠች፣ ማንም አትንኪው አላላትም፤ ከስምንቱም ገመድ አንድ አንድ ራስ ቆርጣ ጣለች። አዲስ ራስ በግራ እጇ፣ የተላጠውን ገመድ በቀኝ እጇ ያዘችና ቆም አለች። ከዚህ በፊት እዚህ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ አታውቅም። እጇን እንዳታምነው ዛሬ አይታለች።

በስልክ መሥሪያ ቤት ገመድ ሲታሰር ቀለሙን የሚጠራው አለቃው ነው፤ ለማጁ ይደግምና ያስገባል። ሽቦ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትጠራ ነው የኖረችው።

«ና፣ እዚህ ቁም» አለችው አማቿን፣ ቀና ብላ ሳታየው። «አንተ ጥራ፣ እኔ እደግማለሁ።»

አማቿ ብርሃኗን ሳይጋርድ አጠገቧ ቆመ።

«ነጭ» አለ።

«ነጭ» አለች ሽቦ፣ እና አስገባችው።